በቡታጅራ ወደ አርባ ምንጭ፦ የላካችኋቸው ጥያቄዎችና መልሶቼ

የደቡብን መንገድ ቱሪስት እየጫንኩ 17 ዓመት ተመላልሼበታለሁ። አሁን የምነዳው ለቤተሰቤ ብቻ ነው። «መንገድ ላይ ምን እንይ?» የምትሉ ጥያቄያችሁን ላኩ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በሞጆ በኩል ፈጣን መንገድ እያለ ሰው ለምን በቡታጅራ ይሄዳል?

ዝም ብለህ ለመድረስ ከሆነ በፈለግከው ሂድ። ፈጣን መንገዱ ላይ ትኬት ትቆርጣለህ፣ መስኮትህን ትዘጋለህ፣ ትነዳለህ። እንደ ልብ መቆም የለም። በቡታጅራ ግን ከዓለም ገና ከተገነጠልክ ጀምሮ «እስቲ አንዴ እንውረድ» የሚያሰኝ ነገር አይጠፋም። ርቀቱም አይከፋም። በሆሳዕናና በሶዶ አድርገህ አርባ ምንጭ 440 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሰው ግን ይህን መንገድ እንዴት ይነዳዋል መሰላችሁ? ቡታጅራ ላይ ክትፎ በልቶ፣ ሶዶ ላይ ቡና ጠጥቶ፣ ማታ አርባ ምንጭ ይገባል። በግራና በቀኝ ያለፈውን ጠይቁት፤ አያውቀውም። እኔም ራሴ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እንደዚያ ነው የነዳሁት።

ጥያቄ፦ ከልጆች ጋር ደርሶ መልስ ብቻ ነው የምንችለው። የት ድረስ እንሂድ?

ቲያ ድረስ። ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ቢሞላ ነው። ከዚያ በፊት ግን መልካ ቁንጡሬ ቁሙ። አዋሽን የምትሻገሩበት ቦታ ነው። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ ይነግራችኋል።

የጎጆ ቅርጽ ያለው ትንሽ ሙዚየም አለው። ውስጡ የድንጋይ መሣሪያ ሞልቷል። ልጆች መጀመሪያ «ይሄ ድንጋይ አይደል እንዴ?» ይላሉ። ያን ጊዜ ባልጩቱን አሳዩአቸው። ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ ስብርባሪ የሚያብረቀርቅ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የሚወጣበት ቦታ ስሙም ባልጩት ነው፤ ከመልካ ቁንጡሬ ሩቅ አይደለም። የጥንት ሰዎች ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ይህን ድንጋይ እየፈለጡ ሠርተውበታል። ሁለቱም ቦታዎች በአንድነት እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ጊዜ ከተረፋችሁ አዳዲ ማርያም ግቡ። ከዋናው መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ይላል። ላሊበላ መሄድ ላልቻለ ሰው ከአንድ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ለማየት እዚህ ይቀርባል። ከሩቅ አይታይም። ሜዳ ላይ ስትሄዱ ቆይታችሁ ድንገት ከእግራችሁ ሥር ጉድጓድ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ቅዳሴ ይቀደስበታል፤ ስለዚህ ነጠላ አትርሱ፣ ጫማም ይወልቃል።

ጥያቄ፦ የቲያ ድንጋዮች የግራኝ ናቸው ይባላል። እውነት ነው?

ያገሬው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ሲላቸው እኔም ሰምቻለሁ። ሰይፍ ስለተቀረጸባቸው ይመስለኛል። ግን ዕድሜው አይገጥምም። ኢማም አሕመድ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ናቸው፤ ድንጋዮቹ በመቶዎች ዓመታት ይቀድሟቸዋል።

36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ቅርጽ አላቸው። ዩኔስኮ የመዘገባቸው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። አስጎብኚው ሰይፎቹን እየቆጠረ «ይሄ ጀግና ይሄን ያህል ገድሏል» ሊልህ ይችላል። ስማው፤ ታሪኩ ያምራል። የተረጋገጠው ግን ቦታው መቃብር መሆኑ ነው። አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ ከሥር አፅም አግኝተዋል፤ ብዙዎቹም ወጣቶች ነበሩ። ሰይፉና ክቡ ምን ማለት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የፈታው የለም።

አንድ ምክር፦ በጠራራ ፀሐይ አትሂድ። እኩለ ቀን ላይ ቅርጹ ይጠፋል፣ ድንጋዩ ልሙጥ ይመስላል። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ በጎን ስትመታው የእያንዳንዱ ሰይፍ ጠርዝ ጥላ ይሠራል። አንድ ጊዜ ስምንት ሰዓት ላይ ያደረስኳቸው እንግዶች በ10 ደቂቃ ጨርሰው ወጡ። በነጋታው ጠዋት ያመጣኋቸው ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አልወጣ ብለውኝ ነበር።

ጥያቄ፦ ቪትዝ ትችለዋለች?

አስፋልቱን ትችላለች። አዳዲ ማርያምንም በበጋ ቀስ ብላ ትገባለች። ክረምት ላይ አትሞክራት።

ጥያቄ፦ ሐረ ሸይጣን ላይ ድንጋይ ቢወረወር ውኃው ጋ አይደርስም የሚባለው ነገር እንዴት ነው?

ይሄን ስድስት ሰው ጠይቆኛል!

ከቡታጅራ ወደ ሆሳዕና ስትወጡ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከአስፋልቱ ብዙም አይርቅም፤ ግን አፋፉ ላይ እስክትደርሱ ምንም ነገር አታዩም። ከዚያ መሬቱ ተከፍቶ፣ ክብ ጉድጓድ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ውኃ። ሐረ ሐይቅ ነው፤ ሸይጣኑን ለእናንተ ትቻለሁ።

ወጣት ሳለሁ ክንዴን እተማመን ነበር። ጃኬቴን አውልቄ፣ ተንደርድሬ ወረወርኩ። ድንጋዩ ጥሩ አድርጎ በረረ፣ በረረ፣ ከዚያ ከታች ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ድምፁም አልተሰማኝም። አንድ የበግ እረኛ ቆሞ ያየኝ ነበር። ምንም ሳይል ወንጭፉን አውጥቶ ሁለቴ አሽከረከረና ለቀቀው። እሱም አልደረሰም። ግን የእሱ ከእኔ በሦስት እጥፍ ርቆ ነበር የወደቀው።

ነገሩ ምትሃት አይደለም፣ ዓይን ነው የሚሸወደው። ገደሉ ቁልቁል ስለሆነ ውኃው ከእግርህ ሥር ያለ ይመስልሃል፤ ወደ ጎን ያለውን ርቀት ግን አትገምተውም። ጉድጓዱ የተፈጠረው የቀለጠ አለት ከመሬት ውስጥ ውኃ ጋር ተገናኝቶ በእንፋሎት ሲፈነዳ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆችም እንዲሁ ናቸው። እዚያ ግን ዙሪያው ሆቴል ሆኗል፤ እዚህ ገና ገደሉ ብቻ ነው። አጥር የለውም፤ የልጆቻችሁን እጅ ያዙ።

ጥያቄ፦ ምን እንብላ?

ቡታጅራ ክትፎ በቆጮ፤ ይሄ ጥያቄም አይደለም። ሶዶ ጥሬ ሥጋ በዳጣ። ዳጣውን መጀመሪያ በጣታችሁ ጫፍ ቅመሱ፣ አደራ። አርባ ምንጭ ዓሣ። መመለሻችሁ በቡታጅራ ከሆነና ወቅቱ ከደረሰ የማረቆ በርበሬ ሸምቱ። ባለቤቴ ባዶ እጄን ከገባሁ አታናግረኝም።

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከሜሪላንድ ነው። ልጆቼ እዚህ ነው ያደጉት። አንድ ሰመር ቴክሳስ ውስጥ መሬት ላይ የተተከሉትን ካዲላኮች አሳይተናቸው አበዱ። እንደዚያ ዓይነት ነገር አገራችን ይኖራል?

አንድ አሜሪካዊ እንግዳዬ ፎቶውን አሳይቶኛል፤ አማሪሎ አጠገብ፣ 10 ካዲላክ በአፍንጫቸው የተቀበሩ። የተሠራው በ1974 ነው አለኝ። ሰው ሁሉ ቀለም እየረጨ ስሙን ይጽፍበታል። የእኛዎቹ ለመንገደኛ ተብለው አልተተከሉም፤ ስለዚህ ምልክትም የላቸውም፣ ትጠይቂያለሽ። ልጆቹን ቲያ ስታመጪያቸው ግን የሚረጨው ቀለም ሜሪላንድ ይቅር።

ከዚያ ኮንሶ ውሰጃቸው። ከአርባ ምንጭ በታች 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኮንሶ እርከን እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለልጆች ግን እኔ ገሰርጊዮን ነው የማሳየው። ጎርፍና ንፋስ ቀዩን አሸዋማ አፈር ቦርቡሮት ሹል ሹል ፎቅ አስመስሎታል። ያገሬው ሰው «ኒው ዮርክ» ይለዋል። አንድ ታሪክም አለው፤ የጎሳ መሪ ከበሮ ተሰርቆ እዚያ ተቀበረ፣ እግዜር ራሱ ቆፍሮ አወጣው ይባላል። አንቺ ከምታውቂው ኒው ዮርክ ይሄኛው ፓርኪንግ አያስቸግርም።

የእነሱ ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ነው አይደል? ዝናብ ነው። አንድ ቀን ጨምሪበት፣ መኪናውንም ከነሹፌሩ ያዢ።

ጥያቄ፦ ዶርዜ መውጣት ዋጋ አለው ወይስ የቱሪስት ነገር ነው?

የቱሪስት ነገርም ነው፣ ዋጋም አለው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ዳገቱን ስትወጣ ሙቀቱ ወደ ታች ይቀራል። ጃኬት ያዝ። ልጆች መንገድ ዳር በእጃቸው ቆመው ይጨፍሩልሃል፣ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይላሉ፤ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ነው የሚጠይቁህ። እኔ ከሚሄድ መኪና መወርወር አልወድም። ልጅ ጎማ ሥር ይገባል። መስጠት ከፈለግህ ጥግ ይዘህ ቁም፣ ወርደህ ስጥ።

ቤታቸው ዝሆን ይመስላል። ከፊት ወጣ ያለው መግቢያ ኩምቢው፣ ከላዩ ያሉት ሁለቱ ቀዳዳዎች ዓይኖቹ ናቸው። ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ይሠራል። ሲሠራ በጣም ረጅም ነው። ምስጥ ከሥር ይበላዋል፤ የተበላውን ይቆርጡታል፣ ቤቱ ያጥራል። እንዲህ እያለ በየዓመቱ ይወርዳል። አንድ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ የራሳቸውንና የልጃቸውን ቤት ጎን ለጎን አየሁ። የልጁ ግንብ ያህል ቆሟል። የእሳቸው በር ላይ እኔ ጎንበስ ብዬ ነው የገባሁት። ውስጥ ከብቱ በአንድ በኩል፣ እሳቱ መሃል፣ ጭሱም ምስጡን እንደሚያባርር ነገሩኝ። ቆጮ በዳጣና በማር አቀረቡልን። የጋቢውን ነገር ልተወው፤ ሽሮ ሜዳ ጋቢ የሸጠልህ ሰው አጎት እዚያ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ዋናው አደጋ ምንድን ነው? ሲኖትራክ?

አህያ። ሲኖትራክ ቢያንስ ይታያል።

ሌላው ቅጠል ነው። አስፋልት ላይ የተቆረጠ እርጥብ ቅርንጫፍ ካየህ ፍጥነትህን ወዲያው ቀንስ፤ ከኩርባው ጀርባ የተበላሸ መኪና ቆሟል ማለት ነው። ሰውየው መኪናውን ጠግኖ ሲሄድ ቅጠሉንም፣ ጎማ ሥር ያደረገውን ድንጋይም እዚያው ትቶት ይሄዳል። ማታ ያን ድንጋይ የሚያገኘው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ማታ አትንዳ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ በከባድ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑን አታቃጥለው።

ስኮርታህንም አውርደህ ነካ አድርገው። አንዴ ከሆነ አከራይ መኪና ይዤ ወጣሁ። «ሁሉም ነገር ቼክ ተደርጓል» ተባልኩ። ሆሳዕናን አልፌ ጎማ ፈነዳ። ስኮርታውን ሳወርደው እንደ ትራስ ተጣጠፈ። ክሪኩም የሌላ መኪና ነበር። በባጃጅ ጎማውን ታቅፌ ጎሚስታ ፍለጋ ሄድኩ። አራት ሰዓት ፈጀ። እንግዶቼ ግን እኔ እስክመለስ ከገበያ ከሚመለሱ ሴቶች ጋር ቡና እየጠጡ አገኘኋቸው፤ ከጉዞው ሁሉ ያን ነው አሁን ድረስ የሚያነሱልኝ።

ጥያቄ፦ ወደ ሰሜንስ? ደሴ ነው የምሄደው።

መጀመሪያ የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ላለ ሰው ደውለህ ጠይቅ። ሰላም ከሆነ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቦረቦረው ዋሻ አለልህ፤ ከ500 ሜትር በላይ ይረዝማል። ከዚህ ወገን በጉም ገብተህ በዚያ ወገን ቁልቁለቱ ከእግርህ ሥር ይዘረጋል። መብራትህን አብራ። ደብረ ሲና ወርደህ ቆሎ ሳትገዛ ብታልፍ ግን ሄድኩ አትበለኝ።

ጥያቄ፦ በየትኛው ወር እንሂድ?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር፤ አደይ አበባው፣ አረንጓዴው፣ የጠራው ሰማይ። የመስቀል ሰሞን ብቻ ተጠንቀቁ። ጉራጌ ሁሉ አገር ቤት ይገባል፣ የቡታጅራ መንገድ ይዘጋል፣ አልጋ አይገኝም። ዘመድ ካላችሁ ግን በዚያን ጊዜ ሂዱ፤ አልጋ ባይኖር ክትፎ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት እንነሳ?

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል። ዓለም ገናን ከባድ መኪኖቹ ሳይሞሉት ታልፋላችሁ፣ አዋሽ ላይ ጭጋጉ ሳይነሳ ትደርሳላችሁ፣ ቲያ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ገና በጎን ናት። ቁርስ እዚያ ነው፤ ከሻይ ቤቶቹ የመጀመሪያዋ ብስኩቷ ትኩስ ነው።