ጨርቅ መቀባት ለጀመራችሁ ልጆች

ልጆች፣ መጀመሪያ ሥዕል አትሳሉ። ጨርቅ ቀቡ።

ይሄን የምለው ብዙዎቻችሁ ስልካችሁ ላይ ፎቶ ይዛችሁ ስለምትመጡ ነው። የጀጎል በር፣ ግመል፣ ጀበና፣ የለገሃር ባቡር ጣቢያ። «ይሄን ጨርቅ ላይ እንዴት ላውጣው?» ትሉኛላችሁ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ጨርቅ ወረቀት አይደለም። ቀለም ይጠጣል፣ ያሳልፋል፣ ቡርሹ ከቆመበት አልፎ ይሄዳል። ፎቶውን ለማስመሰል ስትታገሉ ሳምንታት ያልፋሉ። ጨርቁ ምን ምን እንደሚችል ሳታዩ ይሰለቻችኋል። ስንቱ ጎበዝ በዚህ የተነሳ እንደተወው ባያችሁ።

የጨርቅ ጥበብ ተቆርጦ፣ ተደርቦ፣ ተሰፍቶ፣ ተጠልፎ ነው የሚያልቀው። የምትቀቡት ጨርቅ ገና ጥሬ ዕቃ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሣጥናችሁን በራሳችሁ ጨርቅ ሙሉት። ሥዕሉ መቀስ ስታነሱ ይመጣል።

እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ቀለምና ህትመት ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ትልቁ ጭንቀት አንድ ዓይነት ማውጣት ነበር። የመጨረሻው ሜትር ከመጀመሪያው በትንሹም ቢሆን መለየት የለበትም። እናንተ ቤታችሁ ስትቀቡ ይሄ ጭንቀት የለባችሁም። ሁለት ጨርቅ አንድ ዓይነት ባይወጣላችሁ ማን ይጠይቃችኋል? ይሄ ትልቅ ነፃነት ነው።

ለጨርቁ አቡጀዴ ይበቃችኋል። ውድ ነገር አትግዙ፤ ውድ ጨርቅ ላይ እጅ ይፈራል። ሐረር ያላችሁ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ወዳሉት ልብስ ሰፊዎች ጎራ በሉና የነጭ ጥጥ ብጣሽ ለምኑ። ሻጭ «ጥጥ ነው» ቢላችሁም አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ለስላሳ ነው። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠጠር የመሰለ ጠንካራ ነገር ይሆናል። ድሪያ የሚባለው የሴቶች ቀሚስ ከሚሰፋባቸው ስስ ጨርቆች ውስጥ ፖሊስተር የሆነው ብዙ ስለሆነ፣ ከእናታችሁ ቁም ሣጥን ብጣሽ ስትወስዱም ፈትኑት።

አዲስ አቡጀዴ ስታርች አለበት። በሙቅ ውሃና በሳሙና ደህና አድርጋችሁ እጠቡት። ከደረቀ በኋላ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ጠብታው ወዲያው ከሰረገ ጨርቁ ተዘጋጅቷል። ላዩ ላይ ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ድገሙት። ይሄን መዝለል አይቻልም፤ ቀለሙ ያልታጠበው ቦታ ላይ ነጠብጣብ እየሆነ ይቀራል።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ለዩ። አክሪሊክና የጨርቅ ቀለም የሚባሉት ጨርቁ ላይ በማጣበቂያ ነው የሚይዙት። አክሪሊክ ውስጥ ውሃ ካበዛችሁ ማጣበቂያው ይሳሳል፣ ሲታጠብም ቀለሙ ይለቃል። ለግድግዳ የሚሰቀልና የማይታጠብ ሥራ ከሆነ ግን ብታቀጥኑትም ግድ የለም። የጨርቅ ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ በጀርባው በኩል፣ እንፋሎት በሌለው ትኩስ ካውያ ጥቂት ደቂቃ ተኩሱት። ያኔ ይጸናል።

ሁለተኛው ሪአክቲቭ የሚባለው የዱቄት ማቅለሚያ ነው። ይሄ ላዩ ላይ አይቀመጥም፣ ከጥጡ ጋር በኬሚስትሪ ይተሳሰራል። ራቲና ስቲፈን የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ኬሚስቶች በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው የደረሱበት፤ በ1956 እ.ኤ.አ. ፕሮሲዮን በሚል ስም ገበያ ላይ ዋለ። ጥቅሙ ጨርቁ እንደ ልስላሴው መቅረቱ ነው። ለእጅ ጥልፍ ይሄን የሚያህል የለም፤ መርፌው ሳይቸገር ያልፋል። አክሪሊክ በወፍራሙ የተቀባ ጨርቅ ላይ ግን ጣታችሁ እስኪደማ ትገፋላችሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጨርቁን በሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉት፤ ለ1 ሊትር ውሃ ከ60 እስከ 70 ግራም ይሆናል። የዳቦውን ሶዳ አይደለም የምላችሁ። ከዚያ ጨምቃችሁ ዘርጉት፣ ማቅለሚያውን በውሃ በጥብጣችሁ ቀቡት፣ እንዳይደርቅ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ሙቀት ይወዳል፣ ድሬዳዋ ደግሞ ሙቀት ሞልቷል። በነጋታው መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀጥሎ በሙቅ ውሃ፣ ውሃው እስኪጠራ እጠቡት።

የድሬ ውሃ ግን ኖራው ብዙ ነው። ማንቆርቆሪያችሁን ከፍታችሁ እዩት። ያ ነጭ ቅርፊት የሚሆነው ነገር ከማቅለሚያም ጋር አይስማማም። ውሃውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፣ ሲያዘቅጥ ከላይ ያለውን ቅዱና በእሱ በጥብጡ።

አሁን የምለውን በደንብ ስሙኝ። የማቅለሚያ ዱቄት ስትበጠብጡ ማስክ አድርጉ። ዱቄቱ ብናኝ ነው፣ በትንፋሽ ይገባል፣ ሰውነት ሊቆጣበትና ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የመተንፈስ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ጓንት አድርጉ። ቬንትሌተር ዝጉ። የቀለም ጣሳና ማንኪያ ለብቻው ይሁን፤ ታጥቦም ወደ ማዕድ ቤት አይመለስ። ታናናሾቻችሁ በሌሉበት ሥሩ። አቦ፣ በዚህ ላይ ቸል የሚል ሰው ያናድደኛል።

ወደምወደው ልምጣ። እዚህ አገር ያለን ትልቁ መሣሪያ ፀሐይ ነው። የድሬዳዋ ዛፍን ታውቁታላችሁ፣ ያንን ቀይ አበባ የሚያፈሰውን። አንድ ቅጠል ከነዘንጉ ቁረጡ። ዘንጉ በግራ በቀኝ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ክፋይ ላይ ከጥፍር ያነሱ ብዙ ቅጠሎች ተደርድረዋል። አሁን ጨርቁን አርጥባችሁ በላስቲክ በተሸፈነ ጣውላ ላይ ዘርጉት። የቀጠነ የጨርቅ ቀለም፣ ለምሳሌ ሰማያዊ፣ ሙሉውን ቀቡት። ቀለሙ እርጥብ ሳለ ቅጠሉን አስተኙት። ጠርዙ እንዳይነሳ ትንንሽ ጠጠር ጫኑበት። ፀሐይ ላይ አውጡትና አትንኩት።

ጨርቁ ደርቆ ቅጠሉን ስታነሱት፣ ከሥሩ የነበረው ቦታ ፈዞ እያንዳንዷ ትንሽ ቅጠል ተለይታ ትታያለች። ብርሃን ያነጣው እንዳይመስላችሁ። ያልተሸፈነው ጨርቅ ቀድሞ ስለሚደርቅ፣ ከቅጠሉ ሥር ያለውን እርጥበት ከነቀለሙ ወደራሱ ይስበዋል። ጥላ ያለበት ቦታ ቀለሙን አጥቶ ይቀራል። ይሄ ከገባችሁ የጨው ነገርም ይገባችኋል። እርጥብ ቀለም ላይ ጨው ብትነሰንሱ ጨውም ውሃውን እየሳበ በየፍሬው ዙሪያ ኮከብ የመሰለ ምልክት ይተዋል።

ጊዜውን ግን ምረጡ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሐረር 1,900 ገደማ። ድሬ ላይ እኩለ ቀን ብትቀቡ ቅጠሉን ሳታስተኙ ቀለሙ ይደርቅባችኋል። በጠዋት ጥላ ውስጥ ቀቡና ከረፋዱ 4 ሰዓት ግድም አውጡት። ሐረር ላይ ትንሽ ታገሡ፣ ደመና ካለ ደግሞ ተዉት።

ሌላው የሊጥ ነገር ነው። የስንዴ ዱቄትና ውሃ እኩል በጥብጣችሁ ጨርቁ ላይ በስሱ ለቅልቁት። ሲደርቅ ጨርቁን እየጎተተ ያጣምመዋል። ጨምደድ ጨምደድ አድርጉት፤ ክረምት ካለፈ በኋላ እንደሚሰነጣጠቅ የደቻቱ ወንዝ ደለል ይሰነጣጠቃል። ወፈር ያለ ቀለም ስንጥቁ ውስጥ በቡርሽ አስገቡ። ቀለሙ ሲደርቅ ሊጡን በውሃ አርሳችሁ ፋቁት። በእጅ ሊሰመር የማይችል ቀጭን መስመር ይቀርላችኋል።

አሁን ያስጠላችሁ ጨርቅ ይኖራል። ይኑር። አረንጓዴና ቀይ ተደባልቀው ጭቃ የመሰለ ቡናማ ሆነውባችሁ ይሆናል። አትጣሉት። ከካርቶን መሐሉ ክፍት የሆነ ትንሽ መስኮት ቁረጡ፣ የእጅ መዳፍ ያህል ይበቃል። ጨርቁ ላይ ቀስ እያላችሁ አንሸራትቱት። ሙሉው ሲታይ የተበላሸ የመሰለው ጨርቅ፣ በመስኮቱ ሲታይ የጀጎል ግንብ ድንጋይ የሚሆን ቦታ አለው። የግመል ቆዳ የሚሆን ቦታ አለው። ያንን በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቁረጡ። ስልካችሁ ላይ የነበረውን የጀጎል በር አሁን ሥሩት፣ ከራሳችሁ ብጣሽ። ያ የጠላችሁት ቡናማ ከሌለ ግንቡ አይቆምም፤ ሁሉም ደማቅ የሆነበት ሥራ ዓይን የሚያርፍበት የለውም።

ከፋብሪካው የወሰድኩትና ለእናንተ የሚጠቅም አንድ ልማድ አለ፣ ናሙና መያዝ። ከየጨርቁ ቁራጭ ቆርጣችሁ ደብተር ላይ በክር ያዙት። ከጎኑ የቀለሙን ስም፣ ስንት ማንኪያ በስንት ውሃ፣ ፀሐይ ላይ የቆየበትን ሰዓት ጻፉ። ቁጥር ስጡት። በነፃነት ቀቡ ማለት ሳታውቁ ቀቡ ማለት አይደለም። ቆንጆ ነገር ሲወጣ «እንዴት ነበር ያደረግኩት?» እያላችሁ እንዳትንገበገቡ።

ሁለት ጨርቅ ሳትቀቡ «ይሸጣል ወይ?» የምትሉም አላችሁ። ይሸጣል። ግን መጀመሪያ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ ሥራችሁን እሹት፤ ነጩ ቀለም ከያዘ አልጸናም ማለት ነው። ቀጥሎ ከናሙናው ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ወር ያህል ለጥፉት። ካርቶኑን ስታነሱ በሁለቱ መሐል መስመር ከታያችሁ፣ ያ ቀለም ሰው ሳሎን ውስጥ ይደበዝዛል። የወጡ ቅመም እርድ፣ ጨርቅ ሲቀቡበት እንዲህ ነው። ቢጫው ልብ ይወስዳል፣ ግን ብርሃን ቶሎ ያጠፋዋል። ለልምምድ ቀቡበት። ለምትሸጡት ሥራ ግን ቢጫውን ከሪአክቲቩ ውሰዱ።