ኢካሪያ ደሴት ከልጆች ጋር እንግባ ወይ ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤትሽ የግሪኳ ደሴት ኢካሪያ ላይ የግንባታ ሥራ አግኝቷል፤ ልጆቹ አንዱ አራት ዓመቱ፣ አንዷ ዓመት ከመንፈቋ ነው፤ ኪራዩ ከአቴና በግማሽ ይቀንሳል። «ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው? ሐኪም አለ? ልጆቹ ይለምዱት ይሆን?» ብለሻል። እኛ ኢካሪያ ከገባን ስድስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ስንገባ ትልቁ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ ትንሿ ገና ጡት የምትጠባ የስድስት ወር ልጅ ነበረች። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፤ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። ጥያቄሽ ውስጥ ልጆቹ አሉ፣ ባልሽ አለ፣ ኪራዩ አለ። አንቺ ግን የለሽበትም። እኔም ያኔ ስጠይቅ እንደዚሁ ነበርኩ። ልጆቹ በሦስት ሳምንት ለመዱ። ባለቤቴም ማለዳ ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ቡናውን ይጠጣል፣ ቋንቋውም ተሻሻለለት። ሁለት ዓመት ሙሉ አልለምድ ያልኩት እኔ ነኝ።

ኢካሪያን በነሐሴ አይተሻት ከሆነ አላየሻትም። በነሐሴ መርከቡ ሙሉ ነው፣ በየመንደሩ ፓኒጊሪ አለ። ፓኒጊሪ ማለት የቅዱስ ንግሥ በይው፤ ፍየል ይቀቀላል፣ ወይን ይቀዳል፣ እስኪነጋ እስክስታው አይቆምም (እነሱ እንኳ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ነው የሚዞሩት)። በእነሱ ነሐሴ 6 ክሪስቶስ ራሄስ የሚባለው መንደር ላይ የሚከበረው በዓል የእኛው ደብረ ታቦር ነው፤ በዘመን አቆጣጠሩ ምክንያት አሥራ ሦስት ቀን ይቀድመናል። ልጆቼ ሁለት ጊዜ ቡሄ አላቸው፤ አንዴ ከመንደሩ ጋር፣ አንዴ ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር፣ ሙልሙል ተጋግሮ።

ከጥቅምት በኋላ ግን ሌላ አገር ናት። ክረምት ስልሽ የፈረንጁን ክረምት ነው። ካፌው ይዘጋል፣ ባሕር ዳር ያለው መንደር ሰው አልባ ይሆናል፣ ነፋሱ ይነሳል። እዚያ ስትኖሪ መጀመሪያ የምትለምጂው ቃል «አፓጎሬፍቲኮ» ነው። የነፋሱ መጠን ቦፎር በሚሉት የነፋስ መለኪያ ስምንት ሲደርስ ወደብ ጠባቂዎች መርከብ እንዳይነሳ ያግዳሉ፤ እገዳው አፓጎሬፍቲኮ ይባላል። ከአቴና ወደብ ከፒሬዎስ ሰባት ስምንት ሰዓት ተጉዞ የሚመጣው መርከብ ቀረ ማለት የሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ባዶ ሆነ ማለት ነው፤ ወተት የለም፣ እርጎ የለም፣ ዳይፐር የለም። በእኔ ጊዜ ረጅሙ አምስት ቀን ቆይቷል። መርከቡ ቢመጣም ደሴቲቱ ሁለት ወደብ ስላላት፣ ኤቭዲሎስ በሰሜን፣ አጊዮስ ኪሪኮስ በደቡብ፣ ነፋሱ ካስቸገረው ሌላኛው ላይ ሊቆም ይችላል። በሁለቱ መካከል አቴራስ የሚሉት ከሺህ ሜትር በላይ የሆነ ተራራ አለ፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ልጅና ሦስት ሻንጣ ይዘሽ የተሳሳተው ወደብ ላይ ሌሊት መውረድን አስቢው።

ስለዚህ ቤት ውስጥ የአንድ ሳምንት የዱቄት ወተት፣ ሩዝ፣ ምስርና የልጆች ዴፖን (የትኩሳት መድኃኒት) ሽሮፕ ሁልጊዜ ይኑርሽ። ይኼ ስስት አይደለም፤ እዚያ ያሉትም እንደዚያው ነው የሚኖሩት።

ሐኪም ላልሽው፣ አለ። አጊዮስ ኪሪኮስ ሆስፒታል አለ፣ ኤቭዲሎስ ጤና ጣቢያ አለ። ከበድ ያለ ነገር ሲሆን በሄሊኮፕተር ወደ አቴና ወይም ወደ ሌላ ደሴት ይወስዳሉ። ግን አንድ ሌሊት ልንገርሽ። የመጀመሪያው ዓመት፣ ጥር ውስጥ፣ ትንሿ ልጄ ትኩሳቷ 40 ገባ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ባለቤቴ ለሥራ ሳሞስ የሚባለው ደሴት ሄዶ በነፋሱ እዚያው ቀርቷል። እኔ መኪና መንዳት አልችልም። የመስኮቱ መዝጊያ እየተላተመ የልጄን ትንፋሽ መስማት አልቻልኩም፤ ደረቷ ላይ እጄን አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ታች ያሉት ሽማግሌ፣ በሦስት ወር ውስጥ ከ«ካሊሜራ» (እንደምን አደርሽ) ሌላ ቃል ተነጋግረን የማናውቅ፣ መብራቴን አይተው ነው መሰለኝ በሩን አንኳኩ። ምንም አልጠየቁኝም። ልጅቷን አዩ፣ ቁልፋቸውን ይዘው መጡ። የፍየል መኖ የሚጭኑበት ፒክአፕ ነበር፤ ውስጡ ፍየል ፍየል ይሸታል፣ የፊት መቀመጫው ላይ ገመድ ተጠምጥሟል። ትልቁን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ መሃል አስቀመጥኩት። መንገዱ ላይ ከተራራው የተናዱ ድንጋዮች ነበሩ፤ ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ወርደው በእጃቸው አንስተው ገለል አደረጉ። ሐኪሟ ጎበዝ ነበረች፤ ጆሮዋ ነው ብላ መድኃኒት ሰጠችን፣ በማግሥቱ ዳነች። ግን «ወደ አቴና መላክ ቢያስፈልግ ኖሮ በዚህ ነፋስ ሄሊኮፕተሩ እስኪነጋ አይነሳም ነበር» ያለችኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ሁለት ነገር አደረግኩ፤ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ጀመርኩ፣ ለሽማግሌውም በየሳምንቱ ዳቦ መጋገር ጀመርኩ። መንጃ ፈቃዱን አቴና እያለሽ ጨርሺው። አውቶቡሱ ጥቂት ነው፣ መንደሩና መንደሩ ይራራቃል፤ መኪና የማትነዳ ሴት እዚያ የባሏ ጥገኛ ናት። ይህን የምልሽ ባሌ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ለጨው እንኳ እሱን መጠበቅ ሰው ያደክማል።

ልጅ ለመውለድ ካሰብሽ ደግሞ፣ ሦስተኛዬን ለመውለድ ሦስት ሳምንት ቀድሜ አቴና ነው የገባሁት። ወንድ ስለሆነ አርባው ሲሞላ እዚያው ክርስትና አስነሥተን ተመለስን። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ቤት ማለት ነው። የማን ቤት እንደምታርፊ ከአሁኑ አስቢበት።

ትምህርት ቤቱን አትስጊ። አራት ዓመት ከሞላው ልጅሽ ኒፒያጎጊዮ (መዋዕለ ሕፃናት) መግባቱ ግዴታ ነው፤ በሕግ ነው፣ ወረቀትሽ እስኪስተካከል ብለሽ አታዘግዪው። የእኔ ልጅ ክፍል ውስጥ ሰባት ልጆች ናቸው፣ ሁለት ክፍል አብረው ይቀመጣሉ። አስተማሪዋ የልጄን የጫማ ቁጥር ታውቃለች። አቴና ኪፕሴሊ ሳለን ሃያ አምስት ልጅ መሃል ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነበር፤ አሁን በግሪክኛ ከእኔ ጋር ይከራከራል። ችግሩ አስተማሪዎቹ በየዓመቱ ይቀያየራሉ፤ ቤት አጥተው የሚሄዱም አሉ። ምክንያቱን ከታች ታገኚዋለሽ።

አማርኛው ግን ያንቺ ሸክም ነው። መንደሩ ውስጥ ሌላ አማርኛ የሚናገር የለም። እኔ ቤት ውስጥ ግሪክኛ አልመልስም፤ በግሪክኛ ከጠየቁኝ አልሰማሁም እላለሁ። ባለቤቴ ይስቅብኛል፣ እናቴ ግን በስልክ ከልጅ ልጆቿ ጋር ታወራለች።

ቤት ስትከራዩ ውሉን አይታችሁ ፈርሙ። ብዙ አከራይ ከመስከረም እስከ ግንቦት በርካሽ ይሰጥሽና በሰኔ «ለቱሪስት አከራየዋለሁ፣ ልቀቂ» ይላል። እኛን የመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ አደረጉን፤ ሦስት ወር አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ከረምን። ዓመቱን ሙሉ የሚል ውል ካልተጻፈ አትግቢ። ርካሽ ያልሽው ኪራይም የማገዶ አለበት፤ አሮጌ የድንጋይ ቤቶች ናቸው፣ እርጥበቱ ግድግዳ ላይ ሻጋታ ያወጣል፣ ልብስ አይደርቅም።

ወረቀት በአጭሩ። የመኖሪያ ፈቃድሽ የሚታደስበት ቢሮ ደሴቲቱ ላይ ይሆናል ብለሽ አትገምቺ፤ ከመሄድሽ በፊት ጠበቃሽን ጠይቂ፤ የቀጠሮው ቀን መርከብ ሊታገድ ስለሚችል ሁለት ሦስት ቀን ቀድመሽ ተነሺ። ኤኤፍኤምሽ (የግብር ቁጥርሽ) ላይ አድራሻሽን ቀይሪ። የግብር ሪፖርትሽ ላይ የደሴቲቱ ቋሚ ነዋሪ ከሆንሽ «ሜታፎሪኮ ኢሶዲናሞ» የሚባለው ከ2018 ጀምሮ ያለ ድጎማ ከመርከብ ትኬትሽ የተወሰነውን ይመልስልሻል። ብዙ አበሻ አያውቀውም፣ እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልጠቀምበት ቀረሁ። የልጆቹን የትምህርት ቤት ወረቀትም አንድ ሳይቀር አስቀምጪ፤ በ2015 ከወጣው ሕግ ወዲህ እዚህ ተወልዶ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ፣ ወላጁ ሕጋዊ ኑሮው ከተሟላለት፣ ዜግነት መጠየቅ ይችላል።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። እኔን ያዳነኝ ሥራ ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ያያ (አያቴ እንደማለት) እላታለሁ፣ አንዲት የዘጠና አራት ዓመት አሮጊት መንከባከብ ጀመርኩ። ኢካሪያ ረጅም ዕድሜ በሚኖሩ ሰዎቿ ስሟ የታወቀ ነው፤ ምስጢሩን ፍለጋ ጋዜጠኛ ይመጣል፣ ያያም «ምን በላሽ?» ሲሏት «ያገኘሁትን» ትላለች። አቴና ሳለሁም አረጋዊ ጠብቄአለሁ፣ ታውቂዋለሽ ሥራውን፤ በሩ ተዘግቶ ሁለታችሁ ብቻ። እዚህ ግን በሩ አይዘጋም፤ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል፣ አትክልት ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ራሄስ ያለው ዳቦ ቤት ባለቤቱ ሳይኖር ዳቦሽን አንስተሽ ገንዘቡን አስቀምጠሽ ትወጫለሽ። ሱቁ ግን ሲፈልግ ነው የሚከፈተው፤ አንዳንዴ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። ሰው «ያበሻ ቀጠሮ» እያለ ያማናል፤ ኢካሪያን አላየም።

ያያ አንድ ቀን ለምን ሰው እንደዚህ እንደሚቀበል ነገረችኝ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ ከ1946 ወዲህ፣ መንግሥት ኮሚኒስት ያላቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደዚህች ደሴት አጋዘ፤ ሙዚቀኛው ሚኪስ ቴዎዶራኪስ ከእነሱ አንዱ ነበር። የአባቷ ቤት ውስጥ ስድስት ግዞተኛ ይተኛ ነበር፤ አንዱ ፊደል አስተማራት። ለዚህ ነው ሌሎች ግሪኮች ደሴቲቱን «ቀዩ ድንጋይ» የሚሏት። «እኛ በመርከብ የሚመጣ ሰው አይደንቀንም» አለችኝ፣ ፈሶሊያዋን እየለቀመች። ያኔ ነው መጀመሪያ ትንሽ የተነፈስኩት።

እንጀራውን ሳልነግርሽ ላልፍ አልችልም። ጤፉን ጓደኛዬ ከኪፕሴሊ በመርከብ ትልክልኛለች። የመጀመሪያው ቤታችን ውስጥ ምጣዱንና የውሃ ማሞቂያውን አብሬ ስሰካ ቤቱ ይጨልማል። ሊጡ ደግሞ በዚያ እርጥበትና ብርድ ኩፍ አልል አለ፤ በአራተኛው ቀን እንኳ ዝም። ቡሃቃውን በባለቤቴ ሹራብ ጠቅልዬ ከእንጨት ምድጃው አጠገብ ሳሳድር ነው የተነሣው፣ ዐይን ያለው እንጀራ ያኔ ወጣልኝ። ለያያ ካቱራ ከሚሉት የፍየል አይብ ጋር አቀረብኩላት፤ አጣጣመችና «ኮምጣጣ ፓንኬክ» ብላ ሦስት በላች።

ቤተ ክርስቲያን በየመንደሩ አለ፣ የእኛ ግን የለም፤ መቁረብ ስትፈልጊ አቴና ነው። ፋሲካ አብረን ነው የምንውለው፣ ቀኑ አንድ ስለሆነ፤ ሌሊት ሻማ ይዘው ሲወጡ ልጆቹ ከእነሱ ጋር ናቸው። ጾማቸው ግን ግራ ያጋባል። በስቅለት ሰሞን ዘይት አትንኪ ይሉሻል፣ ኦክቶፐስ ግን ይፈቀዳል። ጎረቤቴ ጾም ነው ብላ ሳህን ሙሉ ኦክቶፐስ ስታመጣልኝ ምን እንደምላት ጠፋኝ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ባልሽ ሥራውን ይጀምር፤ አንቺ ልጆቹን ይዘሽ በየካቲት ለአሥር ቀን ነይ፣ በነሐሴ አይደለም። ኤቭዲሎስ ወርደሽ ዝናብ እየዘነበ ገበያ ሂጂ፣ ሐኪም ቤቱ ድረስ ያለውን መንገድ ተጓዢው፣ አንድ ቀን ሙሉ ከልጆቹ ጋር ቤት ዋዪ። ከዚያ ማታ ስልክሽን አንስተሽ የምትደውዪለት ሰው እንዳለሽ እይ። ሥራም ለራስሽ ጠይቂ፤ አረጋዊ የሚጠብቅ ሰው እዚህ ሁልጊዜ ይፈለጋል፣ ከፈለግሽ እኔ ሁለት ቤት አውቃለሁ።

መርከቡ ሲነሳ ጻፊልኝ፣ የትኛው ወደብ እንደሚያወርድሽ ተከታትዬ በመኪና እቀበልሻለሁ። እርሾ በእቃ ይዘሽ ነይ፤ የእኔ ባለፈው ጥር መብራት ጠፍቶ ሞተብኝ።