ምንም አልበቀለም ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ዘንድሮ የምግብ ላቦራቶሪ የገባችሁ ልጆች፣ ይቺን ጉዳይ ከእኔ ስሙኝ።

ሥራ የጀመርኩት ፒያሳ አካባቢ ነው። አንድ ቀን የሥጋ ወጥ ናሙና መጣልኝ። ምሳ የበሉት ሰዎች በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ያስመልሳቸው ጀመር። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለውን መርዝ አመንጪ ባክቴሪያ በሚያበቅለው ቤርድ ፓርከር አጋር ሳህን ላይ ዘርቼ 48 ሰዓት ኢንኩቤተር (ማሞቂያ ሳጥን) ውስጥ አቆየሁት። ስከፍተው አንዲት ነጥብ እንኳ የለችበትም። «ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ አልተገኘም» ብዬ ፈረምኩ።

አለቃዬ ወረቀቱን አዩና «አንተ ልጅ፣ ይሄ ወጥ ስንቴ ነው የተጣደው?» አሉኝ። አልጠየቅኩም ነበር። ስንደውል ሥጋው ማታ ተቀቅሎ፣ ጣቷ ላይ ቁስል ባለባት ሴት እጅ ከአጥንቱ ተለቅሞ፣ ሳይቀዘቅዝ ድስት ውስጥ አድሮ፣ ጠዋት ደህና አድርጎ ተንተክትኮ እንደቀረበ ሰማን። ባክቴሪያው ሌሊቱን ተራብቷል፣ መርዙንም አመንጭቷል፤ ጠዋት እሳቱ ባክቴሪያውን ገደለው። መርዙን ግን ማፍላት አያጠፋውም። ኤሊሳ በሚባለው፣ መርዝን በፀረ እንግዳ አካል በሚለይ ምርመራ መርዙን ራሱን ስንፈልገው አገኘነው። ለነገሩ የሕመሙ ፍጥነት ቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ ሆድ ውስጥ ገብቶ መራባት ያለበት ጀርም እንዲህ ቶሎ አይጥልም።

የበሰለ ሩዝ ላይ የሚራባው ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ ይብሳል። የሚያስመልሰው መርዙ 121 ዲግሪ ላይ 90 ደቂቃ ቢቆይም አይበላሽም።

በሌላ በኩል፣ ቤርድ ፓርከር ሳህኑ ላይ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዙሪያው የጠራ ቀለበት ያለው ኮሎኒ (የበቀለ የባክቴሪያ ነጥብ) ባያችሁ ቁጥር አትደንግጡ። መጀመሪያ የጥንቸል ፕላዝማ ውስጥ ጨምሩት። ቱቦውን ቀስ ብላችሁ ዘንበል ስታደርጉት እንደ እርጎ ረግቶ ካልፈሰሰ ኮአጉሌዝ፣ ማለትም የስታፊሎኮከስ ኦሬየስ መለያ የሆነው ፕላዝማ አርጊ ኢንዛይም፣ አለው ማለት ነው። ከዚያ ቁጠሩ። በ1 ግራም ጥቂት መቶ ቢሆን የእጅ ንጽሕና ጉድለት ነው፤ ከ100,000 ካለፈ ግን መርዙን መፈለግ አለባችሁ። ቁጥሩ የሚያወራው ግን ዛሬ በሕይወት ስላሉት ብቻ ነው፤ ምግቡ ዳግም እሳት ካየ የትናንት ማታውን ቁጥር ከሳህኑ ላይ አታገኙትም።

እሱን የሚያውቀው ያበሰለው ሰው ነው። መቼ በሰለ? ከእሳት ወርዶ ስንት ሰዓት ቆየ? ማን በእጁ ነካው? ናሙናውን ያመጣውን ሰው በር ላይ ሳለ ጠይቁት። ማታ ስትደውሉለት ድስቱ ታጥቧል፣ የተረፈውም ተደፍቷል።