አራቱንም ኢንጀክተር ቀይር ተባልኩ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የቆየች አይሱዙ ኤን ፒ አር አለችኝ። ከቡሬ በቆሎ ጭኜ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ታስቸግራለች። ስትነሳም ነጭ ጭስ ታጨሳለች፣ ነዳጅ ሳልረግጥ ሚኒሞ ላይ ትንዘፈዘፋለች። ከአባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን ስወጣ ደግሞ ጥቁር ጭስ እየለቀቀች ታዘግማለች። መካኒኩ ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ኢንጀክተር አራቱም ይቀየር አለኝ። አንዱን ለማውጣት ሞክሮ እምቢ ብሎታል። አዲስ ልግዛ ወይስ ከሱማሌ ተራ ያገለገለ ላስመጣ? ራሴስ ልገጥመው እችላለሁ?

መልስ፦ ደህና ነኝ ወንድሜ። ገንዘብህን ለጊዜው ኪስህ ውስጥ አቆየው። አራት ኢንጀክተር ተማክሮ በአንድ ቀን አይበላሽም። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አንዱ ወይ ሁለቱ ነው። አንዳንዴም ጥፋቱ ጭራሽ ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እንለይ፣ ከዚያ እንገዛለን።

ጥቁሩን ጭስ አይተህ ብቻ አትፍረድ። ጎሐ ጽዮን ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከአምስት እጅ አንድ እጁ ያህል ይሳሳል። አየር ጨምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌላት ሞተር የምታገኘው አየር ሲቀንስ ናፍጣ የሚገፋላት ፖምፓ ናፍጣውን አብሮ አይቀንስላትም። ጤነኛ መኪናም ጭና ስትወጣ ትንሽ ታጠቁራለች። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ እይ። በበጋ አቧራ ከታፈነ ግማሹ ችግርህ እዚያው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የጠዋቱ ነጭ ጭስና መንዘፍዘፉ ነው። ነጭ ጭስ አብዛኛውን ጊዜ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። ራዲያተርህ ውሃ እየጎደለበት ከሆነ ግን ስለ ኢንጀክተር ማሰቡን ተወውና የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማሸጊያውን ማለቴ ነው፣ አስፈትሽ።

ታማሚውን ሲሊንደር መለየት ከባድ አይደለም። ሞተሩን አሙቀህ ሚኒሞ ላይ ተወው። ከፖምፓው ወደ አንደኛው ኢንጀክተር የሚመጣውን የብረት ቱቦ ማሰሪያ ዳዶ በጨርቅ ሸፍነህ በቁልፍ በትንሹ አላላው። ድምፁ ከወረደና መንዘፍዘፉ ከባሰ ያ ሲሊንደር እየሠራ ነበር ማለት ነው። መልሰህ አጥብቀህ ወደሚቀጥለው እለፍ። አላልተኸው ምንም ለውጥ ካልመጣ ሰነፉን አገኘኸው። ስታላላው የሚንኳኳ ድምፅ ቢጠፋም እሱኑ ጠርጥረው። ከዚያ ያንን ኢንጀክተር ከጤነኛው ጋር ቦታ አቀያይር። ችግሩ አብሮት ከሄደ ጥፋቱ የኢንጀክተሩ ነው። እዚያው ከቀረ ወይ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር የሚያምቅበት ኃይል) ነው፣ ወይ ከፖምፓው የሚመጣው ናፍጣ ነው። አዲስ ኢንጀክተር ቢገባበትም አይድንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህን የምለው እንዳንተ በሜካኒካል ፖምፓ ለሚሠሩት ብቻ ነው። ኮመን ሬል የሆኑትን፣ ናፍጣው በጋራ ቱቦ ታምቆ የሚጠብቅባቸውን አዳዲሶቹን ሞተሩ እየሠራ ማላላት አደገኛ ነው፤ ግፊታቸው ከ1,000 ባር ያልፋል። ያንተም ቢሆን ከ100 ባር በላይ ነው፤ የጎማህ ንፋስ እንኳ 7 ባር ቢሆን ነው። ከኢንጀክተር ጫፍ የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ስለሚያክል ሰው ይንቀዋል፣ በኋላ ግን ጣት ያስቆርጣል። እጅህን ከፊቱ አታድርግ። ከነካህም ወዲያውኑ ሆስፒታል ሂድ።

አሁን እምቢ ወዳለው እንምጣ። ጉልበት ያለው ሰው ብዙ ቴስታታ ያበላሸው እዚህ ላይ ነው። በጎን በኩል በብረት አትፈልቅቀው፤ ይጎብጣል፣ ወይም ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ ዙሪያውን በናፍጣና በብሩሽ አጥበህ በንፋስ ንፋበት። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አፍስስበትና እንዲያድር ተወው። ጠዋት ሞተሩን ትንሽ አሙቀህ፣ ማሰሪያውን ፈትተህ፣ አካሉን በቁልፍ ይዘህ ግራና ቀኝ በጥቂቱ እያወዛወዝክ ላላ አድርገው። ሲዞር ካየኸው ይወጣል። ካልዞረ ቀጥታ ወደ ላይ የሚስብ መጎተቻ ያለው ጋራዥ ውሰደው። አንዳንድ ሞተር ላይ ኢንጀክተሩ የሚቀመጥበት ቀጭን ማቀፊያ አለ፣ ከጀርባው ውሃ ይዞራል። እሱ አብሮ ከወጣ ውሃው ሲሊንደር ውስጥ ይገባልና ሞተሩን ሳታስነሳ ማቀፊያው ይስተካከል።

ያወጣኸውን ሁሉ በቁጥር ምልክት አድርገህ ወደ መፈተሻ ቤት ውሰድ። ሥራውን አጠገባቸው ቆመህ እይ። ሦስት ነገር ነው የምታየው። በስንት ባር ይከፍታል? እንደ ጉም በትኖ ይረጫል ወይስ በአንድ ጎን ይሸናል? ከመክፈቻው ግፊት 20 ባር ያህል ዝቅ ተደርጎ 10 ሰከንድ ሲያዝ ጫፉ ይንጠባጠባል? የሚንጠባጠበውን አትታገሰው። ነጩን ጭስ የሚያመጣው እሱ ነው፤ ሲቆይ የፒስተን ራስ ያቃጥላል። ትክክለኛው የመክፈቻ ግፊት በሞተርህ መጽሐፍ ላይ አለ። አራቱ ተቀራራቢ ሆነው ይስተካከሉ።

ስለ ግዢው የጠየቅከኝን እዚህ ጋ ልመልስ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ጫፉ ላይ ያለችው ኖዝል ናት። አካሉና ስፕሪንጉ ደህና ከሆኑ ኖዝሏን ብቻ አስቀይር፤ ሙሉውን ከመግዛት በጣም ይረክሳል። ያገለገለ ኢንጀክተር ግን ሳይፈተሽ አትግዛ። ሻጩ “ከጃፓን ነው የመጣው” ስላለህ ያልተፈተሸው ጤነኛ አይሆንም። ኖዝሏ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከድሮዋ ጋር አንድ መሆኑንም አመሳክር። መልኳ አንድ ሆኖ የቀዳዳዋ ስፋት ሊለይ ይችላል።

መግጠሙን ራስህ ልትሠራው ትችላለህ፣ ንጽሕና ከያዝክ። የናፍጣ ቱቦዎቹን አፍ በንጹሕ ላስቲክ እሰር። ክፍት ትተህ ምሳ የምትሄድ ከሆነ ባትጀምረው ይሻላል። ጉድጓዱ ውስጥ የድሮው የመዳብ ሮንዴላ (ማሸጊያ ቀለበት) ተጣብቆ ይቀራል፤ በባትሪ መብራት ፈልገህ አውጣው። እሱ ላይ አዲስ ደርበህ ካስቀመጥክ ኖዝሏ ከቦታዋ ከፍ ትላለች፣ ርጭቱም ይበላሻል። ጥላሸቱን ጥረገውና ቀዳዳው ክፍት እያለ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ትንሽ አዙረው፤ የቀረውን ይተፋዋል። ጎንበስ ብለህ አትይ ብቻ። ሮንዴላው ሁሌም አዲስ ይሁን። ማሰሪያውን የማጥበቂያውን ልክ በሚያሳይ ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች፣ መጽሐፉ በሚለው ልክ አጥብቅ። “ጠበቅ ይበል” ብለህ ከጨመርክበት አካሉ ይጎብጥና ኖዝሏ ውስጥ ያለው መርፌ ይነክሳል፤ አዲሱ ዕቃ በመጀመሪያው ቀን ታማሚ ይሆናል።

ከዚያ አየሩን አውጣ። ፊልትሮው ላይ ያለችውን ቡሎን አላልተህ በእጅ ፖምፓው አረፋ እስኪጠፋ ድረስ ምታ። የኢንጀክተሮቹን ዳዶ ላላ አድርገህ ሞተሪኖውን አዙር፤ ናፍጣ ብቅ ሲል አጥብቅ። ሞተሪኖውን ከ15 ሰከንድ በላይ አትያዘው፣ በመሃል አሳርፈው። ባትሪውም እሱም ይቃጠሉብሃል።

ጉዳቱን ያመጣው ናፍጣው ራሱ ሊሆን ይችላል። ማደያ ሲደርቅ ከመንገድ ዳር በጀሪካን መግዛታችን የታወቀ ነው። ውሃና አቧራ አለው፣ ላምባም ይቀላቀልበታል። ላምባ ቀጭን ስለሆነ ፖምፓውንና ኖዝሏን እንደ ናፍጣ አያለሰልስም። ግዴታ ሆኖብህ ከገዛህ አስተኝተህ፣ በወፍራም ጨርቅ አጥልለህ ቅዳ። የታችኛውን ድፋ። አዲስ ኢንጀክተር ከመግባቱ በፊት ፊልትሮውን ቀይር፣ የታንከሩንም ውሃ ከሥሩ አፍስስ።

ኢንጀክተሮቹ ወጥተው ሳለ ኮምፕሬሽኑን አስለካ። መለኪያው የሚገባው በዚያው ቀዳዳ ነው፣ ሌላ ቀን ድጋሚ መፍታት አይኖርብህም። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ የኢንጀክተሩን ገንዘብ ለፒስተን ቀለበት ወይም ለቫልቭ አቆየው። ሁሉም ደህና ሆኖ ከገጠምክ ግን የመጀመሪያውን ጭነት ደጀን ስታደርስ አቁመህ ኮፈኑን ክፈት። በኢንጀክተሮቹ ሥር ጥቁር እርጥበት ካየህ ወይም ቺስ ቺስ የሚል የንፋስ ድምፅ ከሰማህ ሮንዴላው አልያዘም። አዲስ አበባ ደርሰህ እስክታራግፍ አትጠብቅ፤ እዚያው ሞተሩ ሲበርድ አውጥተህ ቀይረው።