ከካኦስ በፊት ፍሉይድ ሜካኒክስ

ውድ ጠያቂያችን፣ የፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪዎን ለመጨረስ አንድ ዓመት እንደቀረዎት፣ ስለ ካኦስ (መነሻው በጥቂቱ ሲለይ ውጤቱ እጅግ ስለሚለያይ እንቅስቃሴ) እና ብዙ ክፍሎች እርስ በርስ ተያይዘው ስለሚሠሩባቸው ውስብስብ ሥርዓቶች ለአጠቃላይ አንባቢ የተጻፉ መጻሕፍትን እንዳነበቡ ገልጸው፣ ከእንግዲህ የትኛውን መጽሐፍ ማስቀደም እንደሚሻልና ንባቡ እንጀራ ያበላ እንደሆነ ጠይቀዋል።

ውስብስብ ሥርዓቶችን ለጊዜው አቆይተው ፍሉይድ ሜካኒክስን (የፈሳሾችንና የጋዞችን እንቅስቃሴ ጥናት) እንዲያስቀድሙ እመክራለሁ። የአየር ጠባይ ተመራማሪው ኤድዋርድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተማቸውና የካኦስ ጥናት የቆመባቸው ሦስት እኩልታዎች ራሳቸው የተገኙት ከሥሩ የሚሞቅ ፈሳሽ እንዴት እንደሚዘዋወር ከሚገልጹ እኩልታዎች ነው። ይህን ሳይሠሩ የቢራቢሮ ክንፍ ምት የሩቅ አገር አየር ይለውጣል የሚለውን ወግ ብቻ ይዞ መቅረት ለጨዋታ ካልሆነ በቀር ለሙያ አይጠቅምም።

ለመግቢያ የሪቻርድ ፋይንማንን የፊዚክስ ሌክቸሮች ሁለተኛ ቅጽ፣ ምዕራፍ 40ንና 41ን ያንብቡ፤ ካልቴክ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት በነፃ እንዲነበብ ስላደረገው ወጪ የለብዎትም። ፋይንማን ግን ያስረዳል እንጂ አያለማምድም። ስለዚህ እንደ ፍራንክ ዋይት ያለ የምህንድስና ተማሪዎች መማሪያ ይያዙና መልመጃዎቹን በእርሳስ ይሥሩ፤ የፊዚክስ ተማሪዎች እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት ዝቅ አድርገው የሚያዩት ያለ በቂ ምክንያት ነው።

ለምሳሌ የውስጥ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር በሆነ የውኃ ጎማ ውስጥ ውኃው በሰከንድ 10 ሳንቲ ሜትር ቢጓዝ ፍሰቱ የተረጋጋ ወይም የታወከ መሆኑን የሚያመለክተው የሬይኖልድስ ቁጥር 2,000 ገደማ ሲሆን፣ ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ ለመሙላት 32 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። የቧንቧውን መክፈቻ ይበልጥ ከፍተው ጠርሙሱ በ16 ሰከንድ እንዲሞላ ካደረጉ ቁጥሩ ወደ 4,000 ያድጋል፤ በቧንቧ ውስጥ ሥርዓት ይዞ የሚፈስ ውኃ መታወክ የሚጀምረው 2,300 አካባቢ በመሆኑ የፍሰቱ ጠባይ በዚህ መካከል ተለውጧል ማለት ነው። ጎማና ጠርሙስ ካለዎት ዛሬውኑ ሊለኩት ይችላሉ።

ከዚህ በኋላ የስቲቨን ስትሮጋትዝን የኖንሊኒየር ዳይናሚክስ (ውጤቱ ከመነሻው ጋር በቀጥታ የማይመጣጠን ለውጥ ጥናት) እና የካኦስ መማሪያ ይክፈቱ፤ የሎሬንዝን እኩልታዎች እዚያ ያገኟቸዋልና በፓይተን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አስልተው ሥዕላቸውን ያውጡ።

ስለ እንጀራው ከተነሣ፣ «የውስብስብ ሥርዓቶች ባለሙያ» የሚል የቅጥር ማስታወቂያ በአገራችን አይጠብቁ። የፍሰት ስሌትና ፕሮግራሚንግ የሚችል ሰው ግን በመስኖ፣ በውኃ አቅርቦት፣ በኃይል ማመንጫና በአየር ትንበያ ሥራዎች ይፈለጋል። ትምህርትዎን መቀጠል ከመረጡም፣ በጣሊያን ትሪዬስቴ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ለታዳጊ አገሮች ምሩቃን በስኮላርሺፕ የሚሰጠው የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ የምድር ሥርዓት ፊዚክስን ያካትታል፤ የማመልከቻ ጊዜውን ከማዕከሉ ድረ ገጽ ይከታተሉ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልዎትን መምህራንም ከወዲሁ ያነጋግሩ።