ኳሱን ተዉት፣ እግሩን እዩ

ይሄን የምጽፈው ፊሽካ መያዝ ለጀመራችሁ የድሬ ልጆች ነው። ቅርጫት ኳስ ብዙ ዓመት ዳኝቻለሁ። ከሁሉም የከበደኝ ዐይኔን ከኳሱ ላይ መንቀል ነበር።

ሜዳው 28 በ15 ሜትር ነው፤ አስር ሰው ይሮጥበታል። ኳስ የያዘው ቡድን በ8 ሰከንድ መሀል ሜዳውን ማለፍ፣ በ24 ሰከንድ ደግሞ ወደ ቅርጫቱ መወርወር አለበት። ጀማሪ ዳኛ እንደ ተመልካች ኳሱን እየተከተለ ሲሮጥ ኳሱ ሁሌም ይቀድመዋል። ሁለት ሆናችሁ ስትዳኙ አንዳችሁ ከቅርጫቱ ጀርባ መስመሩ ላይ፣ ሌላችሁ ከኋላ ናችሁ። ኳሱ በአጋራችሁ በኩል ከሆነ ለእሱ ተዉለት። እናንተ ከቅርጫቱ ስር ማን በክርን እንደሚገፋ፣ ማን ማልያ እንደያዘ እዩ። ጠቡ የሚጫረው እዚያ ነው።

ኳሱ እናንተ ጋ ሲመጣም ተከላካዩን ነው ማየት ያለባችሁ። ይሄን የተማርኩት በልጅ እንባ ነው። ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ውጤቱ እኩል፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው፤ አጥቂው በፍጥነት መጣ፣ ተከላካዩ ዘለለ፣ ደረት ለደረት ተላተሙ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ እኔም ነፋሁ። ለተከላካዩ አምስተኛ ጥፋቱ ነበርና ከጨዋታ ወጣ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም» አለኝ እያለቀሰ። እውነቱን ነበር። ከኋላ የነበረው አጋሬ ማምሻውን ነገረኝ፦ ልጁ ቀድሞ ቆሟል፣ ቀጥ ብሎ ነው የዘለለው፣ እጁም ወደ ላይ ነው። ቦታውን በአግባቡ የያዘ ተከላካይ ከራሱ በላይ ያለው አየር የራሱ ነው፤ ሕጉ እንደዛ ነው። እኔ ያየሁት ኳሱንና ግጭቱን ብቻ ነው። እግሩ የት እንደነበር አላየሁም።

ወደ አጋሬ ሄጄ «አየኸው?» ብለው ስንት ሰከንድ ይፈጅ ነበር? ያኔ መጠየቅ ድክመት ይመስለኝ ነበር። እናንተ ጠይቁ፣ በተለይ የሕዝቡ ጩኸት ፊሽካችሁን እንዳስነፋው ከተሰማችሁ። «አቦ ዳኛ፣ አታይም እንዴ!» የሚል አይጠፋም። ይበል፤ እሱ የሚያየው ኳሱን ነው።

ዛሬ ሙቀቱ በረድ ሲል ሰፈራችሁ ወዳለ ሜዳ ፊሽካ ሳትይዙ ሂዱ። አንድ ሩብ፣ አስር ደቂቃ፣ የተከላካዮችን እግር ብቻ እዩ። መጀመሪያ ዐይናችሁ እምቢ ብሎ ወደ ኳሱ ይሸሻል፤ መልሱት።