በወጡበት ቅደም ተከተል አሳያት

ወንድሜ አብሽር፤ «የዐሥር ዓመት ልጄን ስታር ዋርስ የሚባሉትን የጠፈር ፊልሞች ከየትኛው ላስጀምራት?» ላልከው መልሴ አጭር ነው፦ በፈረንጆች 1977 ከወጣው። ክፍል አራት መባሉ አያደናግርህ፤ ቁጥሩ ኋላ የተለጠፈ እንጂ መጀመሪያ ሲታይ አልነበረበትም። ክፍል አንድ የሚባለው የወጣው ከ22 ዓመት በኋላ በ1999 ነው። ከእርሱ ከጀመረች የ1980ው ፊልም ምስጢር አስቀድሞ ይባክንባታል።

እኔ ያንን ፊልም ያየሁት ደሴ፣ አንዲት ጠባብ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። በአንድ አግዳሚ ወንበር ስድስት ሆነን ተጣበን፣ ካሴቱ በየመሀሉ እየተንቀጠቀጠ። እንግሊዝኛ የሚሰማው አንድ ተማሪ ብቻ ነበር። ባለ ጥቁር ጭንብሉ ክፉ ሰው ለወጣቱ ጀግና አንድ ነገር ተናገረና ልጁ «አባትህ ነኝ አለው!» ብሎ ሲጮህ ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። ትርጉሙ ያልደረሳቸው እንኳ አብረው ጮኹ። ይኸው ሸምግዬም አልተወኝም፤ ጉም ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ከውስጡ የጠፈር መርከብ ብቅ የሚል ይመስለኛል። (ባለቤቴ ትስቅብኛለች።)

የ1983ቱን ስትጨርሱ ወደ 1999ኙ ተመለሱ፤ እርሱ እንኳ ንግግር ይበዛበታል። ምስጢሩን ግን አደራ፣ አንተ እንዳትነግራት።